የዘበኛው እንቅልፍ

ዘበኛ ተኛ ተብሎ ፖሊስ አይጠራም። ዘበኛ ይተኛል፤ ያለ ነገር ነው። የአረጋውያን መንከባከቢያው ዘበኛ ግን በዚያ ረፋድ ፀሐይ እየመታው ከነወንበሩ በር ላይ ተዘርሮ ሲገኝ ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ትንፋሹም አለ እንዳይባል የለም፣ የለም እንዳይባል አለ። ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱት። ሐኪሙ የዐይኑን ሽፋን ገልጦ በባትሪ ቢያየው ብሌኑ ጠቦ ጠቦ ነጥብ አክሏል።

«ይኼ ሰው ከባድ የህመም ማስታገሻ ሰውነቱ ውስጥ አለ» አለ ሐኪሙ። «ለካንሰር በሽተኛ የሚሰጠው ዓይነት።»

ደሙ ሲመረመር እንዳለውም ሆነ። ዘበኛው ደግሞ ለራስ ምታት እንኳ ኪኒን የማይውጥ፣ «መድኃኒት በሽታ ይጠራል» ባይ ነው። በገዛ እጁ እንዳልወሰደው የሚያውቀው ሁሉ ይምላል። እንግዲያው ሰው ሰጥቶታል ማለት ነው፤ ፖሊስ የተጠራውም ለዚህ ነው።

የተላከው ኢንስፔክተር ጡረታው የተቃረበ፣ ወገቡን የሚያመው፣ ትዕግሥቱ ደግሞ ከጡረታው ቀድሞ ያለቀ ሰው ነበር። ጣቢያ ውስጥ ከኋላው «ጋሽ ጭራሽ» ይሉታል። ሌባ ሲክድ «ጭራሽ!»፣ መኪናው አልነሣ ሲል «ጭራሽ!»፣ አለቃው ሲደውልማ ስልኩን ገና ሳያነሣ «ጭራሽ!» ነው። ያን ቀን ግቢው በር ላይ ሲደርስ በሩ ገርበብ ብሎ፣ ጠባቂ የሚባል ሰው አልነበረም። ዘበኛ ተመርዟል ተብሎ በሩን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ያላቆመ ተቋም!

«ጭራሽ!» አለና ገባ።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ውስጥ ቆሞ ጠበቀው። ክራቫቱ የተስተካከለ፣ ፀጉሩ የተኛ፣ ነገሩ ሁሉ የተለሰነ ሰው ነው።

«የተከበሩ ኢንስፔክተር፣ ተቋማችን በመልካም ስሙ የሚታወቅ...»

«ስሙን እንተወውና፣ ሰውየው ዛሬ ምን ቀመሰ?»

«ሻይ።»

«ማን ሰጠው?»

ሥራ አስኪያጁ በሩን ዘጋ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሰው ሊያሳብቅ ሲል እንዲህ ነው የሚያደርገው።

«ነርሷ ናት፤ ሲስተር። የመድኃኒት ቁምሳጥኑ ቁልፍም እሷው ጋ ነው ያለው። ባለፈው ሳምንት ዘበኛው ታረፍዳለች ብሎ ነግሮባት አስጠንቅቄያት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዐይንና ናጫ ናቸው።»

«ሻይ እየወሰደችለት?»

«እንግዲህ ይታይዎ! ሌላም አለ። ስድስት ቁጥር ክፍል አንድ አባባ አሉ፤ ካንሰሩ አጥንታቸው ገብቷል። ሐኪም ያዘዘላቸው ማስታገሻ በፕላስተር መልክ ጀርባቸው ላይ ነው የሚለጠፈው፤ መድኃኒቱ በቆዳ በኩል ቀስ እያለ ይገባል። ሲስተር ‹ለጠፍኩ› ትላለች። ገልጠን ስናይ የለም። አንዴ ቢሆን ወደቀ እንላለን፤ ተደጋገመ። ያን ፕላስተር ሻይ ውስጥ ነክራው ቢሆንስ?»

ኢንስፔክተሩ ሰውየውን አልወደደውም፤ የተናገረው ግን ሚዛን ይደፋል። ቁልፍ አለ፣ ጠብ አለ፣ ሻይ አለ፣ የጠፋ መድኃኒት አለ። ማንቆርቆሪያውን ከነብርጭቆው ለምርመራ ላከና ወደ መድኃኒት ክፍሉ ሄዶ ቁምሳጥኑን በሽቦና በእርሳስ ማኅተም አሸገው። ሽቦው ተስፈንጥሮ ጠቋሚ ጣቱን ሸረከተው።

«ጭራሽ!»

ሲስተር ከኋላው ቆማ ነበር። ጠይም፣ ቀጠን ያለች፣ ዐይኗ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ሴት ናት።

«አሸጉት?» አለች።

«ማስረጃ ነው።»

«አባባስ?»

«እሳቸው ምን ሆኑ?»

«ይስሟቸዋ!»

ኢንስፔክተሩ ጆሮውን አቀና። ከኮሪደሩ ጫፍ ሲቃ ይመጣል። ጩኸት እንኳ አይደለም፤ ለመጮኽ አቅም ያጣ ሰው የሚያወጣው ድምፅ ነው፤ ይጀምራል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል።

«ትናንት ጠዋት በዚህ እጄ ለጥፌላቸዋለሁ። ዛሬ ሳገላብጣቸው ጀርባቸው ባዶ ነው። ሌላ ልለጥፍ ስመጣ ዘበኛው ወደቀ ተባለ፤ አሁን ደግሞ እርስዎ አሸጉብኝ። ሐኪሙን ብጠይቀው የመጀመሪያው የት እንደገባ ሳይታወቅ ሌላ አላዝም አለኝ። ሰውየው የቀራቸው ጥቂት ቀን ነው፣ ጋሼ። እያቃሰቱ ይሙቱ ነው የምትሉት?»

«የት እንደገባ ንገሪኛ! አንቺ ነሽ የለጠፍሽው።»

«ባውቅ ኖሮ እዚህ ቆሜ እለምንዎታለሁ?»

«ከዘበኛው ጋር ትኳረፋላችሁ አሉ።»

«ታዲያ! ተኳርፈን ሻይ አንጠጣም?» አለችና ኮሪደሩን ይዛ ሄደች።

ስድስት ቁጥር ክፍል ሰፊ መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል ናት። አባባ ወደ ግድግዳ ተጠምዝዘው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ከአንሶላው ሥር የልጅ ያህል ሆነው ተኝተዋል። አጠገባቸው ባለቤታቸው፣ ነጭ ነጠላ ያጣፉ ንጹሕ አሮጊት፣ የአንሶላውን ጥግ እያጠፉ ይጎነጉናሉ። ሴት ልጃቸው መስኮቱ ሥር ቆማለች። መምህርት ናት፤ ሳይጠየቁ መመለስ የለመደባት።

«ፖሊስ ነኝ። ጥቂት ነገር ልጠይቃችሁ ነበር።»

«ይጠይቁ» አለች ልጅየዋ።

እማማ ግን የኢንስፔክተሩን እጅ አይተው ብድግ አሉ። «ማን ቆረጠህ ልጄ?»

«ሽቦ ነው እማማ፤ ምንም አይደለም።»

«ምንም አይደለም ያለ ሁሉ ጣቱን ይዞ አልቀረም። ቁጭ በል!»

ቁጭ አለ። ሌባ እሱ ሲያዘው እንደሚቀመጠው እንዲሁ ተቀመጠ። እማማ ወደ እጅ መታጠቢያው ሄደው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ፤ ጣት በጣት፣ ጥፍር በጥፍር። ከቦርሳቸው ጥቅል ፋሻ አወጡ። ቁስሉን አበሱና ፋሻውን እንደ ሹሩባ እያጠላለፉ ጠመጠሙት፤ ቋጠሮውን ወደ ጎን አደረጉት፣ እንዳይቆረቁር። የተረፈውን ጠቅልለው መልሰው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«ትርፍ አይጣልም፤ ለሌላው ይሆናል» አሉ። «ነገ ከፍቼ አየዋለሁ። የተሸፈነ ነገር ሳይታይ አይውልም። ገና ከሆነ እዘጋዋለሁ፣ ከዳነ አነሣዋለሁ።»

«እናቴ ድሬሰር ነበረች» አለች ልጅየዋ ፈጠን ብላ። «ዕድሜዋን ሙሉ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል ስታጥብና ስታሽግ ነው የኖረችው። ጡረታ ወጥታም አልተዋትም።»

«እጃቸው ወርቅ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ ከልቡ። «እማማ፣ ትናንት እዚህ ሳሉ እንግዳ ሰው ሲገባ ሲወጣ አይተዋል?»

«ትናንት አልመጣንም» አለች ልጅየዋ። «እኔ አሞኝ ነበር። እሷም ቤት ነው የዋለችው።»

«እሳቸውን እኮ ነው የጠየቅኩት።»

«ቤት ነው የዋልሽው አይደል፣ እማዬ?»

እማማ ልጃቸውን አዩ፤ ኢንስፔክተሩን አዩ፤ ሳቅ አሉ። «እሷ ካለች» አሉ።

ኢንስፔክተሩ ሰው በሰው ፈንታ ሲመልስ ደሙ ይፈላል። ነገር ግን ሴትዮዋ መምህርት ናት፤ አስተማሪ ማንን አስጨርሶ ያውቃል ብሎ አለፈው። አባባ ዘወር ለማለት ሞከሩና አቃሰቱ። እማማ እጃቸውን አባባ ግንባር ላይ አድርገው «የት ጋ ነው የሚያምህ? አሳየኝ፤ አሳየኝና ላሽግልህ» ይሏቸዋል። አባባ የሚያሳዩት ቦታ አልነበራቸውም፤ ሁሉም ቦታ ነበር።

ኢንስፔክተሩ ኮሪደር ወጥቶ ለአለቃው ደወለ።

«ጌታዬ፣ ያሸግኩትን ቁምሳጥን ለአንድ በሽተኛ ልከፍተው ነው።»

«በምን ፈቃድ?»

«በሰውየው ሲቃ።»

«ቀልዱን ተወው። የታሸገ ማስረጃ በዐቃቤ ሕግ ደብዳቤ ነው የሚከፈተው። ማመልከቻ ጻፍ።»

«ሰውየው እኮ ማመልከቻው እስኪፈረም...»

ስልኩ ተዘጋ። ኢንስፔክተሩ «ጭራሽ» እንኳ አላለም፤ ማመልከቻውን ቆሞ ጻፈው። ብዕሩ መሃል ላይ ቀለም ጨረሰ።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሲደርስ ዘበኛው ነቅቷል። መርዙን የሚያፈርስ መርፌ ወግተውት ዐይኑን ገልጧል፤ ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ምሳዬን ይላል።

«ማን ምን ሰጠህ?» አለው ኢንስፔክተሩ።

«ማንም ምንም።»

«ሻዩስ?»

«የሲስተር ሻይ? ደፋሁት። ስኳር ሳታደርግበት ነው ያመጣችልኝ፣ ሆን ብላ!»

«ሙሉውን?»

«አንድ ጉንጭ ቀመስኩና አበባው ላይ ደፋሁት። አበባው ደኅና ነው?»

ሐኪሙ በአንድ ጉንጭ ሰው እንዲህ አይወድቅም አለ። የምርመራ ክፍሉም ያኔውኑ ደወለ፤ ማንቆርቆሪያውም ብርጭቆውም ንጹሕ ናቸው። ረፋዱን ሙሉ የተሠራው ሥራ አበባው ላይ ተደፋ።

«ትናንትስ ማን ወደ ግቢ ገባ? ሲስተር የአባባን ፕላስተር ከለጠፈች በኋላ?»

ዘበኛው ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበው። ብርድ ልብሱ አጭር ነበርና እግሩ ተገልጦ ቀረ፤ ጉልበቱ በፋሻ ተጠምጥሟል። «ማንም አልገባም» አለ፣ ጣሪያውን እያየ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ዘበኛ ነኝ እኮ፣ ጋሼ።»

ውሸታም መሆኑን ሕፃን ያውቅ ነበር። ኢንስፔክተሩ ግን የሚዋሽለትን ሰው አላወቀም። ምናልባት ለነርሷ ይሆን? ተኳርፈናል እየተባለ ሰው ይዋደዳል፤ ስንቱን አይቷል። መራዡ ተመልሶ እንዳይመጣ ብሎ አንዲት ሳጅን በር ላይ አቆመና እንዲህ ሲል አዘዛት፦ «ከሆስፒታሉ ሐኪምና ነርሶች በቀር ዝንብ እንዳታስገቢ።»

በማግሥቱ ጠዋት ገና ካልሲውን ሳያጠልቅ ስልኩ ጮኸ። ሐኪሙ ነው።

«ዘበኛው ተመልሶ ተኝቷል። ትንፋሹ እንደ ትናንቱ ነው። መርፌውን ደግመንለታል፤ ግን ሰው ደግሞ ሰጥቶታል ማለት ነው። ያቺ የመንከባከቢያው ነርስ መጥታ ነበር አሉ።»

ኢንስፔክተሩ አንዱን ካልሲ ብቻ አድርጎ ጫማውን ተጫማ። በቃ! ለፈለፈች፣ ስለ አባባ ለመነች፤ ለካ ሰውየውን ልትጨርሰው ነበር ጉዞዋ። ሰው ሆኖ ማመን! በንዴት እየነዳ መንከባከቢያው ደረሰ። ሲስተር ስድስት ቁጥር ውስጥ የአባባን ከንፈር በርጥብ ጥጥ ታረጥባለች።

«ተነሺ። ጣቢያ ትሄጃለሽ።»

«አሁን?»

«ዘበኛውን ልትጠይቂው ሄደሽ ነበር?»

«ቆሎ ይዤለት ሄጄ ነበር። ይኼም ወንጀል ሆነ?»

«ከሄድሽ በኋላ ተመልሶ ወደቀ!»

ሲስተር ጥጡን አስቀመጠች። «እሺ፣ እሰሩኝ። ግን ከኔ በኋላ አባባን ማን ያገላብጣቸዋል? እዚህ ቤት እኮ እሳቸውን ሲነካ የማያሳምም እጅ የኔና የእማማ ብቻ ነው። ይንገሩኝና ልሂድ። ማን?»

ሥራ አስኪያጁ ከበሩ «ተተኪ እናፈላልጋለን» አለ።

«ዝም በሉ» አለው ኢንስፔክተሩ። ለሳጅኗ ደወለላት። «ያቺ ነርስ ምን አበላችው?»

«የቷ፣ ጌታዬ?»

«ጠዋት የመጣችው!»

«አልገባችም እኮ። ዝንብ አታስገቢ ብለውኛል፤ ከበር መለስኳት። ቆሎውንም መልሳ ይዛው ሄደች።»

«ሌላ ማን ገባ?»

«ማንም። ምግቡንም ቀምሼ ነው ያስገባሁለት። እኔ እንደሚሰሙኝ ደኅና ነኝ።»

ኢንስፔክተሩ ስልኩን እንደያዘ ቀረ። ማንም አልገባም። ምንም አልበላም። ሰውየው ግን ተመርዟል። መርፌው ያነቃዋል፣ መርፌው ሲለቅ ተመልሶ ይተኛል። እንግዲህ ጋሽ ጭራሽ፣ ወገብህን ይዘህ አስብ!

ሲያስብ ጣቱን ሰው ያዘው። እማማ ናቸው፤ ከልጃቸው ጋር አሁን መግባታቸው ነው። እጃቸውን ታጥበዋል፤ ውኃው ከክርናቸው ይንጠባጠባል።

«ማን አሸገልህ ይኼን?»

«እርስዎ ነዎት እኮ፣ እማማ። ትናንት።»

«እኔ?» አሉና ፋሻውን እያዩ ፈገግ አሉ። «ደኅና እጅ ነው።» ፈቱት። ቁስሉን ወደ ብርሃን አዙረው አዩ። «ገና ነው» አሉ፤ መልሰው ጠመጠሙት፣ እንደ ሹሩባ፣ ቋጠሮውን ወደ ጎን።

ኢንስፔክተሩ የሚጠላለፈውን ፋሻ ፈዝዞ ያያል። ይችን ሹሩባ ሌላ ቦታ አይቷታል። የት? ነጭ ነገር ላይ... አጭር ብርድ ልብስ... ጉልበት!

«ሳጅን!» ብሎ ስልኩ ውስጥ ጮኸ፤ ስልኩ አልተዘጋም ነበር። «ሐኪሙን ጥሪው! ጉልበቱን ፍቱት!»

«ጉልበቱን? ጌታዬ፣ ሰውየው የታመመው...»

«ፍቱት አልኩ!»

አባባ ያቃስታሉ። በስልኩ የጫማ ኮቴ፣ የመቀስ ድምፅ፣ ከዚያ የሐኪሙ ድምፅ መጣ።

«ፕላስተር አለ» አለ ሐኪሙ። ሐፍረት ተሰማው መሰል ድምፁ ሰለለ። «የማስታገሻው ፕላስተር ነው። ከፋሻው ሥር፣ ጉልበቱ ላይ። እኛ የደረቱንና የጭንቅላቱን ነገር ስናሳድድ... ጉልበት ማን ያያል? ሙቀት ደግሞ መድኃኒቱን ያፈጥነዋል፤ በፋሻ ታፍኖ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦበት...»

«አነሣችሁት?»

«ተነሥቷል።»

«ሲነቃ ማን እንዳሰረለት ጠይቁልኝ። ደግሞ ዘበኛ ነኝ የምትለውን ተወኝ በሉት።»

ስልኩን ዘጋና ልጅየዋን አያት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ቤት ነው የዋለችው» አለ ኢንስፔክተሩ።

«እኔ... አሞኝ ነበር።»

«እትዬ መምህርት፣ እኔ ተማሪሽ አይደለሁም። አንድ ሰው ሊሞት ነበር። አንዲት ነርስ ልትታሰር ነበር። አባትሽ ከትናንት ጀምሮ ያለ ማስታገሻ ያቃስታሉ። እውነቱን አምጪ።»

ልጅየዋ ሥራ አስኪያጁን አየች፣ ከዚያ እናቷን። እናቷ የአንሶላውን ጥግ ይዘዋል።

«እኔ ቤት ተኝቼ ሳለ ብቻዋን ወጣች» አለች በመጨረሻ። «ቤቱን ሁሉ ፈለግኳት። ለካ እግሯ እዚህ አምጥቷታል። ዘበኛው አስገብቷት ደወለልኝ። አባዬ አጠገብ አስቀምጧት እስክደርስ ጠበቀኝ። ለማንም እንዳትነግር ብዬ እግሩ ላይ ነው የወደቅኩት።»

«ለምን?»

«ለምን ይሉኛል?» ልጅየዋ እንባዋ መጣ። «የሚረሳ ሰው ያለ አጃቢ እዚህ ግቢ አይገባም! ከታወቀ ወደ ማዶው ሕንጻ፣ ወደሚቆለፍበት፣ ወይም ከነጭራሹ አትምጣ ነው የሚሉን። እሷ ከአባዬ ተለይታ አታውቅም። እሱ ሊሞት ነው። ጥቂት ቀን ናት የቀረቻቸው። ጥቂት ቀን ብዋሽላትስ?»

«ትረሳለች በያ።»

«ትረሳለች» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው እንደነበር ያስታውቃል። «እናቴ ትረሳለች። በቃ፤ አልኩት።»

እማማ ስለሳቸው እየተወራ መሆኑን አልሰሙም፤ ወይም ሰምተው ረሱት። የአባባን ልብስ ከጀርባቸው ገለጥ አድርገው ባዶውን ቆዳ በእጃቸው ይዳብሳሉ።

«እማማ» አለ ኢንስፔክተሩ፣ አጠገባቸው ተንበርክኮ። ወገቡ ጮኸ። «እዚህ ላይ ፕላስተር ነበር። እርስዎ ነዎት ያነሡት?»

«ነበር እንዴ?» አሉ። አሰቡ። «ሥሩ ቁስል አለ?»

«የለም።»

«እና ምን ይሠራል? ቁስል የሌለበት ፕላስተር አነሣለሁ፤ ትርፍ ደግሞ አይጣልም፤ ጉልበቱን ለሚያመው፣ ወገቡን ለሚያመው ይሆናል። ይኼ እኮ ሀ ሁ ነው፣ ልጄ።»

ሲስተር ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ወይኔ! እኔ እኮ ሁልጊዜ እማማ እጃቸውን ሲታጠቡ ሳይ ንጽሕናቸው እያልኩ እደነቃለሁ! የአባባን ልብስ ያስተካክሉላቸው ብዬ ክፍሉን ጥዬላቸው እወጣ ነበር።» ከእማማ ቦርሳ፣ ከፋሻው ጥቅል መሃል፣ ሁለት ፕላስተር ተጣብቀው ተገኙ። በጓንት አንሥታ ወሰደቻቸው።

እንዲህ ነው እንግዲህ። መራዥ የለ፣ ሌባ የለ፣ ጠላት የለ። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ያዳነች ሴት፣ እጇ ሥራውን አልረሳ፣ ለምን እንደሆነ ራሷ ረስታ። ኢንስፔክተሩ በማን ላይ መናደድ እንዳለበት ጠፋው፤ መናደዱ ግን አልቀረለትም።

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ነገሩ ተጣርቷል። እኚህ ሴትዮ ለሕሙማኑ አደጋ ናቸው። ከዛሬ ጀምሮ ወደዚህ ግቢ...»

«ጭራሽ!» አለ ኢንስፔክተሩ። ኮሪደሩ አስተጋባ። «ጭራሽ! ኃይለኛ መድኃኒት ደጋግሞ ሲጠፋብዎት ክፍሉን ከማስጠበቅ ይልቅ በሠራተኛዎ ላይ ያሳበቁ፣ በርዎን ክፍት የተዉ፣ አሁን ደግሞ አሮጊት ያባርራሉ? ነገሩን ልግፋው ካልኩ መጀመሪያ የምጠይቀው እርስዎን ነው። ስምዎ በመልካም ይታወቃል አሉ፤ እንዲታወቅ እንተወው?»

ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን ነካ አደረገና ወደ ቢሮው ተመለሰ።

ኢንስፔክተሩ ወደ መድኃኒት ክፍሉ ሄዶ የእርሳሱን ማኅተም በገዛ እጁ በጠሰው። ደብዳቤ አልመጣም። አለቃው ሲደውል ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ።

ሲስተር አዲሱን ፕላስተር ከማሸጊያው ስታወጣ እማማ ተነሡ።

«ቁስሉ የት ነው?»

«እማማ፣ አይንኩ፣ እባክዎ!» አለች ሲስተር።

«እማዬ፣ እጅሽን!» አለች ልጅየዋ።

እማማ ፊታቸው ተቆጣ። ሐኪም ፊት የተገሠጹ መሰላቸው። ያኔ ኢንስፔክተሩ ጣቱን አየ።

«ውስጥ ነው» አለ። «ቁስሉ ውስጥ ነው፣ እማማ። ከውጭ አይታይም።»

«ውስጥ ያለ ቁስል በፕላስተር ይድናል?»

«አይድንም። ያሳርፋቸዋል።»

«ከፍቼ ልየዋ።»

«ገና ነው» አለ ኢንስፔክተሩ።

እማማ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ገና ነው?» አሉ፤ ድምፃቸው ተለወጠ፤ የሥራ ሰው ድምፅ ሆነ። «ገና ከሆነ አይነካም። ገና የሆነን ቁስል የሚነካካ እንዴት ያለ ባለሙያ ነው!» ሲስተርንም «በይ፣ ዳር ዳሩን በመዳፍሽ ተጫኚው፣ እንዳይላቀቅ» ብለው አዘዟት።

ከሰዓት በኋላ ሲቃው እየላላ ሄዶ ቆመ። ማታ ሊሆን ሲል አባባ ጉልበታቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ልጅየዋ ወንበር ላይ ሆና ያንን እንቅልፍ ስታይ ቆየች።

መዝገቡ ተዘጋ። ኢንስፔክተሩ ያለ ፈቃድ ማኅተም በመበጠሱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ሳያነበው መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ዘበኛው እያነከሰ ሥራ ገባ፤ ሲስተርም ሻዩን ስኳር አብዝታ ታመጣለታለች፤ አሁን ደግሞ በዛ ይላል። ኢንስፔክተሩም ጠዋት ጠዋት ወደ ጣቢያ ሲሄድ ስድስት ቁጥር ጎራ ማለት ጀመረ። ለምን ብለው ሲጠይቁት «ጣቴን ላሳይ ነዋ!» ይላል፣ እንደ ቁጡ። እማማ ማን እንደሆነ አያውቁትም። በየጠዋቱ «ማን ቆረጠህ?» ይሉታል፣ ይፈቱታል፣ ያያሉ፣ ይጠመጥሙታል። ከዚያ ወደ አባባ ጀርባ ይሄዳሉ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ማንኛውም ሰው «ገና ነው» ይላቸዋል፤ «እሺ» ብለው ይቀመጣሉ። ልጅየዋም ተማረችው። አስተማሪ ለካ ይማራል።

አንድ ጠዋት ሲገባ መስኮቱ ተከፍቷል። ሲስተር አልጋው ራስጌ ቆማለች፤ ልጅየዋ የአባቷን እግር ይዛለች። አባባ ንጋት ላይ፣ በእንቅልፋቸው፣ ሳያቃስቱ ሄደዋል።

እማማ እጃቸውን ሲታጠቡ ነበር። ኢንስፔክተሩን አዩና ጣቱን ያዙ፣ ፈቱት፣ ወደ ብርሃን አዙረው አዩ። ቆዳው ገጥሟል። ፋሻውን ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። «ድኗል፤ ሂድ» አሉት።

አልሄደም። እማማ ወደ አልጋው ተመለሱ። የአባባን ልብስ ከጀርባቸው ገለጡና የፕላስተሩን ጫፍ በጥፍራቸው ያዙ። ክፍሉን ዞረው አዩ፤ የሚነግራቸውን ሰው ጠበቁ። ሲስተር ዐይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች። ልጅየዋ አፏን በመዳፏ ያዘች። ኢንስፔክተሩ ሊናገር ከንፈሩን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

የሚናገር ሲጠፋ እማማ ፕላስተሩን ቀስ አድርገው፣ ቆዳው እንዳይሳብ በሌላው እጃቸው እየያዙ፣ አነሡት። ሥሩን አዩ። በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ድኗል» አሉ።